እርጥብ ሣር ይዘን ወደ ጀሞ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሰነባበትኩ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ «እሺ ጋሽ ፈለቀ፣ ሸገር እንዴት ናት?» ይለኛል። ለአንዱ ብርዱን፣ ለሌላው ፎቁን፣ ለሌላው የታክሲውን ግፊያ እያወራሁ ሸኝቻለሁ። ዋናውን ነገር ግን ለማንም አልተነፈስኩም። የሄድንበትን ጉዳይ የአርባ ምንጩ ሰፈራችን ሲቀላ ሁሉ ያውቃል፤ በሬድዮ የተባለውን እንጂ እዚያ ደርሰን በእርግጥ ያደረግነውን ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወደዚያ ለማትሄዱት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ። አብረውኝ የሄዱት ጋሽ ዳና ፊደል አልቆጠሩም። ይህን ለምን እንዳነሣሁት መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ማቴዎስ የእህቴ ልጅ ነው። በረኛ ነው። ሜዳችን አቧራ ላይ ሲንከባለል መዳፉ እየተላጠ ስላስቸገረን፣ የመጀመሪያውን ጓንት ከአሮጌ ቦርሳ ጨርቅ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አድጎ አዲስ አበባ ክለብ ሲገባ እህቴ ገበያ ስትወጣ ሰው ቆሞ ያሳልፋት ነበር። ከዚያ ያቺ ኳስ መጣች። ዝናብ ነበር፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነበር፣ እንደ ቀልድ የተመታች ኳስ በሆዱ ሥር ሾልካ ገባች። በማግስቱ አንድ የሬድዮ ጋዜጠኛ፣ ስሙን አልጠራውም፣ «እንዲህ ዓይነት ኳስ በነፃ አይገባም» አለ። ሌላ ምንም አላለም። የቀረውን ሰው ጨረሰለት። በሳምንቱ ማቴዎስ ጨዋታውን ሸጧል የሚል ወሬ እዚህ እኛ ድረስ ወረደ። እህቴም ገበያ መውጣት አቆመች።

«ሂዱና ያንን ሰው አፉን አስይዙልኝ» አለችን እያለቀሰች።

እኛ ዘንድ ጠብ ሲነሣ የሚደረገውን ታውቃላችሁ፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይነጫል፣ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ በተጣሉት መሃል ይንበረከካል። ያንን አልፎ የሚሄድ የለም። የሚንበረከከው ያጠፋ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም በነገሩ እጁ የሌለበት ንጹሕ ሰው ነው የሚመረጠው። ተንበርክኮም ማን ልክ ነው፣ ማን ተሳስቷል ብሎ አይከራከርም። «ይብቃ» ነው የሚለው። ጋሽ ዳና በዚህ መንገድ ስንት ደም እንዳስቆሙ አገር ይመሰክራል።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ስደርስ ጋሽ ዳና ቀድመውኝ ቆመዋል። ቡልኳቸውን ተከናንበው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል።

«ሣሩን ከዚህ ይዘን ልንሄድ ነው? አዲስ አበባ ሣር የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«የሰው ሣር ይዤ በማን ስም ልንበረከክ?» አሉኝና ዘጉኝ።

እስከ ሶዶ ድረስ ተኙ፤ እኔ ጥቅሉን እንዳይጨፈለቅ ስጠብቅ አነጋሁ። ሶዶ ላይ ቁርስ በላን። ሆሳዕናን ካለፍን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ፈታሽ ገባና ጥቅሉን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«አባት፣ ጫቱን ያውርዱ» አላቸው።

«ሣር ነው» አሉ ጋሽ ዳና።

ሰውየው ፈታው። ሣር ነው። አገላበጠው፣ አሸተተው። «ለበሬ ነው?» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ዳና አልሳቁም፤ ቅጠሉን እንደ ሕፃን መልሰው ጠቀለሉት። ቡታጅራ ምሳ ስንበላ ያስተናገደችን ሴትዮ ግን፣ ነገሩን ስነግራት ሳትስቅ በጣሳ ውሃ አምጥታ ሣሩን ራሷ ረጨችው። ክትፎው ጥሩ ነበር፤ ቆጮው ግን የእኛን የጨንቻ ቆጮ አያክልም።

ከዓለም ገና በኋላ ከተማው ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ አያልቅም። ጀሞ ስንደርስ ወረድን። ችግሩ ጀሞ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጀሞ አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፤ የማቴዎስ ሚስት ሰላም አንደኛው ጋ ትጠብቀናለች፣ እኛ ሌላኛው ጋ ቆመናል። ፎቆቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተቆረጡ የተማሪ ዩኒፎርሞች ይመስላሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ጋሽ ዳናን በጉልበት ሊያሳፍራቸው ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልኬን ተቀብሎ ራሱ ከሰላም ጋር ተነጋገረና ደጃፏ ድረስ አደረሰን።

«የማን እንግዶች ናችሁ?» አለን መንገድ ላይ።

«የማቴዎስ። የበረኛው» አልኩ፤ ከልማድ ደረቴን ነፍቼ ነው የተናገርኩት።

የባጃጇን ፍጥነት ቀነሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጎበዝ በረኛ ነበር» አለ። ያቺ «ነበር» ደረጃውን እስክወጣ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ጋሽ ዳና በየፎቁ እያረፉ፣ «ይህ ከተራራችን በምን ይሻላል?» እያሉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አርባ ምንጮች አሉን ብለን ለምንኮራው ለእኛ ይህ ያሳዝናል፤ የእኛም ቧንቧ እንደሚደርቅ ግን ለሰላም አልነገርኳትም። ልጅቷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እግራችንን ካላጠብኩ ብላ ስትታገለን በግድ አስቀመጥናት።

ዓርብ

ጠዋት በሩን ከፍቼ ስወጣ አንዲት ትልቅ ሴት በርከክ ብለው የማቴዎስን በር በሳሙና ያሻሉ። ሲያዩኝ ጨርቁን ከነጠላቸው ሥር ደበቁት። በሩ ላይ ግን በከሰል የተጻፈው ገና ግማሹ አልጠፋም። «ሻጭ» ይላል።

«ልጆች ናቸው» አሉኝ። «አንዳንድ ሌሊት እየመጡ ይጽፋሉ። እኔ ለጸሎት በጊዜ ስለምነሣ አጠፋዋለሁ። ለሰላም እንዳይነግሩብኝ፤ ሆዷ ውስጥ ሌላ ሰው አለ።»

እትዬ አልማዝ ይባላሉ፤ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤት ናቸው። በኋላ ሰላምን በዘዴ ስጠይቃት ለካስ ታውቃለች። «እትዬ አልማዝ እንዳይከፉ ብዬ ነው ዝም የምለው» አለችኝ። ሁለት ሴቶች አንድን ቃል በአንድ በር ላይ እየተደባበቁ ሲጠብቁ እንደማየት የሚያሳዝን ነገር ምን አለ?

ማቴዎስ ከልምምድ የመጣው ምሳ ላይ ነው። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። ጋሽ ዳናን ጉልበታቸውን ስሞ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ስንበላ ኳስ የሚባል ነገር አላነሣንም። እጃችንን ከታጠብን በኋላ እኔ አልቻልኩም።

«ለምን አትናገርም? ሕዝቡ ሁሉ ሲናገርህ አንተ ምላስ የለህም?» አልኩት።

«ምን ልበል አጎቴ?»

«አልሸጥኩም በላ!»

«ሌባም ቢሆን አልሰረቅኩም ነው የሚለው» አለኝ ረጋ ብሎ። «ኳሱ ያመለጠኝ ተሳስቼ ነው። እጄ ወርዷል ብዬ ነበር፣ አልወረደም። ይሄው ነው። ይህንን ግን ላላመነኝ ሰው ባስረዳው ሰበብ ነው የሚመስለው። እኔ በተናገርኩ ቁጥር እነሱም አንድ ሳምንት ይጨምራሉ።»

«እና ዝም ብለህ ልትሰደብ?»

«ሲያሞግሱኝ መልስ ሰጥቼ አውቃለሁ? አልሰጠሁም። ሲሰድቡኝ ለምን እሰጣለሁ? በረኛ ሲገባበት ከተመልካች ጋር አይጨቃጨቅም፤ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሃል ይልካታል። አሰልጣኙ እሑድ ትገባለህ ብሎኛል። ሁለት ሦስት ጨዋታ ጥሩ ልቁም፣ ይረሱታል። እስከዚያ እባካችሁ ምንም አታድርጉልኝ። ብሉ፣ ጠጡ፣ እሑድ በቴሌቪዥን እዩኝ። ስታዲየም ግን አትምጡ፤ የሚሉኝን እንድትሰሙ አልፈልግም።»

ይህን ብሎ ቦርሳውን ይዞ ወጣ፤ ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹ አንድ ላይ ነው የሚያድሩት። እኔ በሐቅ ለመናገር ልጁ አሳምኖኝ ነበር። ጋሽ ዳና ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በደንብ ተናገረ» አሉ። «ግን ልጅ በራሱ ጉዳይ አይሸመግልም። ቤት የሚቃጠልበት ሰው እሳቱን እኔው ብቻዬን አጠፋለሁ ቢል ጎረቤት እጁን አጣጥፎ ያያል? እናቱ ልካናለች።»

እህቴ ከቤት ሳትወጣ የከረመችውን ቀን ሁሉ አስታወስኩ። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ

ኮባውን ስንፈታው ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ዳና አንዷን ዘለላ በጣታቸው አደቀቋት።

«በደረቀ ሣር አይንበረከኩም» አሉ።

እትዬ አልማዝን ለሌላ ነገር አስመስዬ እርጥብ ሣር የት ይገኛል ብላቸው፣ ሀና ማርያም በኩል ዛሬም የሚያርሱ ነባር የኦሮሞ ቤተሰቦች እንዳሉ ነገሩኝ። በባጃጅ ሄድን። እውነትም ከአዳዲስ ፎቆች ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥርና በወንዝ መሃል ቁራጭ ማሳ አለ። ጎመን ተተክሎበታል። ሣሩ ዳር ዳሩን ነው። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጎመን እያሰሩ ነበር፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ሣር ይሽጡልን ልንላቸው ፈልገን ተንተባተብን።

ጋሽ ዳናን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ለዕርቅ ነው?» አሉ።

«ለዕርቅ ነው» አሉ ጋሽ ዳና።

«ኧረ ለዕርቅ ሣር አይሸጥም! እኛም ጋ ሣር ተይዞ ነው የሚለመነው።» ራሳቸው ወንዙ አፋፍ ድረስ ወርደው ለምለሙን መርጠው ነጩልን። እርጎም በጣሳ አጠጡን። «ድሮ ይሄ ሁሉ የኛ ማሳ ነበር» አሉ ወደ ፎቆቹ እያመለከቱ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ ሞት በጸጥታ። ስንወጣ ጋሽ ዳና ፊታቸው በርቶ ነበር። «አየህ፣ ይህ አገርም ያውቀዋል» አሉኝ። እኔም ልቤ ሞላ። ሣሩን የሚያውቁት አዴ ጫልቱ ናቸው እንጂ ከተማው አይደለም ብሎ የሚነግረን ማንም አልነበረም።

ጋዜጠኛው የሚኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ሱቅ በሩን አሳየን። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ቡገንቪሊያ አለው፤ ያብባል እንጂ እንደ እኛ አገሩ አይደምቅም። አንኳኳን። ራሱ ከፈተ። በሬድዮ ሰምቼው ግዙፍ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ቱታ የለበሰ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ አጭር ሰው ነው።

ጋሽ ዳና ድንጋይ ንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። የሰማንያ ዓመት ጉልበት ድንጋይ ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ! ኧረ አባቶቼ! በእመብርሃን ተነሡ! ምን አድርጌ ነው?»

«ስለ ማቴዎስ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ዳና። «ልጃችን ነው። ይብቃህ። ተወው።»

«እሱ ነው የላካችሁ? አጥፍቻለሁ አለ?»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተበላሸው። እኔ አፌን ልከፍት ነበር። አልላከንም፣ አላጠፋምም ልል ነበር። ጋሽ ዳና በክርናቸው ነካ አደረጉኝ፤ ተንበርክኮ ክርክር የለማ! እኛ ዘንድ ሣር የያዘ ሰው ስለ ጥፋት ከተናገረ ሣሩን አረከሰው ማለት ነው።

«የሆነው ሆኗል» አሉ ጋሽ ዳና። «ማን አጠፋ አንልም። እኛ ስለ እሱ ለምነናል። ይብቃ በለን።»

የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን እውነቱን ልናገር፤ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሁለታችንንም ደግፎ አነሣን፣ የጋሽ ዳናን ጉልበት በእጁ አራገፈ፣ ወደ ቤት አስገባን፣ ሚስቱ ምሳ አቀረበች። እሱ ራሱ ቆሞ እጃችንን አስታጠበን።

«አባቶቼ፣ እኔም እኮ ሥራዬ ነው» አለን ስንበላ። «የሕዝብ ሰው ሲወደስ እሰየው ካለ፣ ሲወቀስም ሊችለው ይገባል። ግን አንድ ቀን ወጥቶ ቢያናግረን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ዝም ሲል ሰው ምን ያስብ?»

ልጁም ልክ ነው፣ ይህም ሰውዬ ያለው ልክ ነበር፤ በሁለት ልክ መሃል እኛ ሣር ይዘን ገባን።

«በቃ፣ ዘግቼዋለሁ» አለን ስንሰናበት። ጋሽ ዳና ሣሩን በእጁ አስጨበጡት፤ ይህ የዕርቁ ማሠሪያ ነው። እሱም ለማስታወሻ ብሎ ከእኛ ጋር ፎቶ ተነሣ። እኔ ኮሌታዬን አስተካክዬ ነው የቆምኩት።

ደስ ብሎን፣ ለሰላም ሙዝ ገዝተን ተመለስን። ሙዙ ከእኛው አገር የመጣ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ግን ጣዕሙን መንገድ ላይ ጥሎታል። ጋሽ ዳና ደረጃውን በየፎቁ ሳያርፉ ነው የወጡት። ሰላም በሩን ስትከፍት ስልኳን ይዛለች፣ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። በከሰዓቱ ፕሮግራሙ ላይ ስለ ማቴዎስ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም። እንዲህ ነበር ያለው፤ «ዛሬ ልቤን የነካ ነገር ገጠመኝ። ማቴዎስ ከአርባ ምንጭ ድረስ ሽማግሌ ልኮ፣ ተንበርክከው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። እኛም ይቅር ብለነዋል።»

ይቅር ብለነዋል! ያላጠፋውን።

ፎቶው ስልክ ላይ ወጥቷል። ሰላም ልታሳየን አልፈለገችም፤ እኔ ነኝ ቀምቼ ያነበብኩት። «ንጹሕ ሰው ሽማግሌ ይልካል?» ይላል አንዱ። «አመነ እኮ» ይላል ሌላው። ሌላው ደግሞ በጋሽ ዳና ቡልኮ ቀልዷል፤ ሣሩንም የሽማግሌው ቀለብ ነው ብሏል። ይህን ለጋሽ ዳና አላነበብኩላቸውም። «በደስታ የሚያወራ ብዙ ነው» አልኳቸው። የእኔ ሥራ ልትኳል ብላ ዓይኗን እንዳጠፋችው ሴት ሆነ።

ማቴዎስ ደወለ። ይጮኽብኛል ብዬ ጆሮዬን አራቅሁ። «በሰላም ገባችሁ? ምሳ በላችሁ?» ነው ያለኝ። የዚያን ጊዜ ሰው መሃል አለቀስኩ።

እሑድ

እትዬ አልማዝ ቴሌቪዥናቸው ትልቅ ስለሆነ ጠሩን። ሽሮ በድስት፣ ሰላጣ፣ ድንች ቀርቧል። ጨዋታው ሲጀመር በረኛ ሆኖ የቆመው ሌላ ልጅ ነው። ማቴዎስ ተጠባባቂዎቹ ጋ፣ የጃኬቱን ኮሌታ እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀምጧል። ተንታኙ «ከይቅርታው በኋላ አሰልጣኙ ጫናውን ለማብረድ ሳያሳርፈው አልቀረም» አለ። ከተመልካቹ በኩል የሚሰማውን የስድብ ዜማ እትዬ አልማዝ ድምፁን ቀንሰው አጠፉት፤ እንደ በሩ ጽሑፍ።

«የታለ ልጃችን? አልታየኝም» ይላሉ ጋሽ ዳና።

«ዛሬ አርፏል» አልኳቸው።

ሰላም ቁጭ ብላ መቅረት አልቻለችም፤ ለጋዜጠኛው ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። ሰውየው ከልቡ ነበር የገረመው። «እህቴ፣ ይቅር አልነው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አላት። ማቴዎስ እንዳልላከን ስታስረዳው ግን «ነገ ጠዋት ይምጣ፤ በራሱ አፍ ይናገር» አላት።

ማቴዎስ ሊመሽ ሲል መጣ። ጋሽ ዳና ገና ሲያዩት ከወንበራቸው ወርደው ሊንበረከኩ ሲሉ፣ እንደ ኳስ ተወርውሮ ነው የያዛቸው። የሰውን ሁሉ ዝምታ አይተው የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም።

«አባባ፣ እርስዎማ ለእኔ አይንበረከኩም» አላቸው።

«አበላሸንብህ?»

«ምንም አላበላሻችሁም። ጠቡን አስቁማችኋል። ሰውየው ዝም ብሏል አይደል?»

ኮሪደሩ ላይ ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ። የክለቡ ሰዎች ነገ ሬድዮ ላይ ቀርበህ አስተባብል ብለውታል። በአደባባይ ስምህ ካልጸዳ ውልህ አይታደስም ብለውታል። የሚለውንም ቃል ሰጥተውታል፤ «እኔ አልላክኋቸውም፣ የገጠር ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሳያውቁ ነው ያደረጉት» እንዲል።

«እና በላ!» አልኩት ክንዱን ይዤ። «እውነት አይደለም እንዴ? እኔ ራሴ ልምጣ፣ ልመስክርልህ። የሆነው በሙሉ በእኛ ነው በል!»

አንዱን ጀሪካን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገው። «ጋሽ ዳና አገር ቤት ሲመለሱ ዳግመኛ ሣር ይዘው ጠብ መሃል መግባት ይችላሉ?» አለኝ። «ሰው ምን ይላቸዋል? ያ አዲስ አበባ ሄዶ ሳይላክ የተንበረከከው፣ የተሳቀበት፣ ነው የሚሏቸው።»

«አንተስ?»

«እኔ በረኛ ነኝ» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ነገ በጠዋት ነው የምትሄዱት። ግቡና ተኙ።»

ምን ሊል እንዳሰበ አልነገረኝም። እኔም ያልኩትን ይላል ብዬ ነው የተኛሁት።

ሰኞ

ሰላም ዳቦ ጠቅልላ፣ እትዬ አልማዝ ቆሎ ቋጥረው ሰጡን። በሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ ነበር፤ ገና አላጠፉትም ነበር። እኔ በጃኬቴ እጅጌ አጠፋሁትና ወረድን።

አውቶቡሱ ዓለም ገናን ሲያልፍ ሹፌሩ ሬድዮ ከፈተ። የዚያን ሰውዬ ድምፅ አወቅሁት። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰው «ዝም በሉ፣ በረኛው ሊናገር ነው» አለ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ። ጋሽ ዳና በመስኮት በኩል ናቸው፤ ጆሯቸውም ደክሟል፣ ሞተሩም ይጮኻል።

«ማቴዎስ፣ ቀጥታ ልጠይቅህ» አለ ጋዜጠኛው። «ሽማግሌዎቹን አንተ ነህ የላክሃቸው? አልላክህም የሚል ነገር ሰምተናል።»

ጎልማሳው ወደ ሬድዮው አዘነበለ።

«እኔ ነኝ የላክኋቸው» አለ ማቴዎስ። «አባቶቼ ናቸው። በእነሱ መሳቅ ይቅር፤ የሚባል ነገር ካለ እኔን በሉኝ።»

«ማለት... ጥፋትህን አምነህ ማለት ነው?»

«ያሳደጉኝ ሰዎች ተንበርክከዋል። እነሱ ከተንበረከኩ በኋላ እኔ ቆሜ የምከራከረው ነገር የለኝም።»

ጋዜጠኛው ሌላ ጠየቀው፤ ማቴዎስ አመሰገነና ዝም አለ። ማስታወቂያ ገባ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ። ሳቅ የለበትም፣ ስድብ የለበትም፤ ያዘነ ሰው ነው።

«ያሳዝናል» አለኝ። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ሲከራከሩኝ አልሸጠም እያልኩ የምሟገትለት ሰው ነበርኩ።»

እጁን ልይዘው፣ ልነግረው ፈለግሁ። ጋሽ ዳና አጠገቤ ናቸው። ብናገር ይሰማሉ። ዝም አልኩ፤ ልጁ ሲችለው የከረመው ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጋሽ ዳና ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። «የማቴዎስ ድምፅ መሰለኝ። ምን አለ?»

«‹አባቶቼ ናቸው› አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ፈገግ አሉ። «አየህ፣ ሣሩ ሠርቷል» አሉና ቡልኳቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ቡታጅራ እስክንደርስ ተኙ።

ማቴዎስ ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልቆመም። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ልጁ አልሸጠም፤ ሽማግሌም አልላከም። ለፈለጋችሁት ሰው ንገሩልኝ። ጋሽ ዳና በሚቀመጡበት ግን እንዳታነሡት አደራ፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ ሣር ይዘው ሄደው አስታርቀዋል።